የባንክ አይቲ ፈተና ቅዳሜ፣ የኮዲንግ ቴስት ሐሙስ! ያለፋችሁበት እስቲ ምከሩኝ

ሰኔ_ምሩቅ | ሰኞ፣ መስከረም 26
ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ በሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተመርቄ ቴምፖዬን (ጊዜያዊ ዲግሪዬን) ይዤ ሥራ ፍለጋ ላይ ነኝ። ቴሌግራም ላይ ያለ የሥራ ቻናል በሙሉ ስልኬ ውስጥ አለ። እሁድና ረቡዕ ሪፖርተርን አገላብጣለሁ። ስንትና ስንት ቦታ ሲቪ ልኬ ድምፅ የለም። አሁን ደግሞ ሁለት ቦታ በአንድ ሳምንት ጠሩኝ።

አንደኛው ባንክ ነው። ማስታወቂያው «አይቲ ትሬይኒ፣ 0 ዓመት ልምድ» ይላል። ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት እንደሆነና አዳራሹ የት እንደሆነ በኤስኤምኤስ ነገሩኝ። ስለምን እንደሚፈትኑ ግን ትንፍሽ አላሉም።

ሁለተኛው ለንደን ያለ ኩባንያ ነው። ቦታው ለአዲስ ምሩቃን የተከፈተ ነው፣ ሥራው ከርቀት ነው። የሀከርራንክ (የኮዲንግ ፈተና ድረ ገጽ) ሊንክ ልከውልኛል። 90 ደቂቃ፣ 3 ጥያቄ። የመጨረሻ ቀኑ ሐሙስ «23:59 ቢኤስቲ» ነው። እሱን ካለፍኩ የአፕቲቲዩድ ቴስት (የሒሳብና የንባብ ችሎታ ፈተና) አለ። ቀጥሎ ደግሞ ለብቻ ካሜራ ፊት ተቀምጦ እየተናገሩ የሚቀዳ ኢንተርቪው።

ሊትኮድ (የኮዲንግ መለማመጃ ድረ ገጽ) ላይ ኢዚውን እሠራለሁ። ሚዲየም ላይ ሲደርስ ቀጥ። ሰዓት ይዤ ሠርቼ አላውቅም። ጂፒኤዬ 2.9 ነው። ጊዜው አጭር ነው፣ ምን ላይ ልረባረብ?

ኬብል_ሳቢ | ሰኞ፣ መስከረም 26
እንኳን ደስ አለሽ። በዚህ ዘመን መጠራትም ትልቅ ነገር ነው።

እኔ ባንክ ቤት አይቲ ውስጥ ነኝ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ብዙ ቦታ ፈተናውን የሚያወጣው ባንኩ ራሱ አይደለም። በውል የያዘው ዩኒቨርሲቲ ወይም አማካሪ ድርጅት ነው። ስለዚህ ጥያቄዎቹ መጽሐፍ መጽሐፍ ይሸታሉ። ሊትኮድሽን ለሐሙስ አስቀምጪው። ቅዳሜ የሚመጣው ዳታቤዝ፣ ኔትወርክ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ትንሽ ሴኪዩሪቲ፣ ከዚያ እንግሊዝኛና ሒሳብ ነው። ለመውጫ ፈተና ያነበብሽበት ማስታወሻ ካለ አውጪው። ከዚያ ብዙም አይርቅም።

ሰው የሚወድቀው የት መሰለሽ? «እኔ ኮድ ጸሐፊ ነኝ» ብሎ ኔትወርኩን ንቆ ሲገባ ነው። «/26 ሰብኔት ውስጥ ስንት ሆስት ይገባል?» ይሉሻል፣ በዚያ የኔትወርክ ክፍል ስንት መሣሪያ ይገባል ማለት ነው። ከአድራሻው 32 ቢት 26ቱ ሲነሳ 6 ይቀራል። 2ን 6 ጊዜ ጽፈሽ ስታባዢው 64። የኔትወርኩና የብሮድካስቱ አድራሻ ሲወጣ 62። ይህቺን ያለ ካልኩሌተር፣ ሳትደነግጪ መሥራት አለብሽ።

ዳታቤዝ ላይ ጆይንን (ሁለት ሠንጠረዥ ማገናኘትን) አጥብቂ። የሚወዷት ጥያቄ አለች። አንዱ ሠንጠረዥ ደንበኞች፣ ሌላው ዝውውሮች። «በዚህ ወር ምንም ዝውውር ያላደረጉ ደንበኞችን አውጣ።» ኢነር ጆይን ያደረገ ሰው አለቀለት። የሚፈለጉት ሰዎች እኮ ሁለተኛው ሠንጠረዥ ውስጥ የሉም! ሌፍት ጆይን ታደርጊና (የግራው ሠንጠረዥ ሁሉም ይቀራል) በቀኝ በኩል ናል፣ ማለትም ባዶ የሆኑትን ትለቅሚያለሽ። እዚህ ላይ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። የወሩ ማጣሪያ መግባት ያለበት «ኦን» (የማገናኛው ሁኔታ) ውስጥ ነው። «ዌር» (ከተገናኘ በኋላ የሚያጣራው) ውስጥ ካስገባሽው ናሎቹ በሙሉ ይጣሉና ባዶ ውጤት ይመጣልሻል። ይህን ሥራ ላይ ያሉ ሰዎችም ይስቱታል።

ጂፒኤውን እርሺው። ማስታወቂያው ዝቅተኛ ነጥብ አስቀምጦ አንቺን ከጠሩሽ እሱን አልፈሻል ማለት ነው።

ሸገር_ቦይ | ሰኞ፣ መስከረም 26
ኦሪጅናል መታወቂያ እና እስክሪብቶ። እስክሪብቶ ያልኩት ለቀልድ አይደለም። ባለፈው አንዱ አዳራሽ ግማሹ ሰው «ትርፍ ያለህ?» እያለ ሲለምን ነበር። በጊዜ ውጪ ደግሞ፣ የቅዳሜ ታክሲ አይታመንም።

ሀሽማፕ | ሰኞ፣ መስከረም 26
የሀከርራንኩን ነገር ለኔ ተዪው።

ከዋናው በፊት «ሳምፕል ቴስት» የሚል አለ። እሱን ሥሪው። ነጥብ የለውም፣ ግን ግብዓት እንዴት እንደሚነበብ ታዪያለሽ። ሊትኮድ ፈንክሽኑን አዘጋጅቶ ይሰጥሻል። እዚህ አንዳንዴ ከስታንዳርድ ኢንፑት ራስሽ መስመር በመስመር ማንበብ ይኖርብሻል። ጎበዝ ልጆች እዚህች ላይ ሩብ ሰዓት ሲያቃጥሉ አይቻለሁ።

ሰዓቱ እንደጀመረ ሦስቱንም ጥያቄ አንብቢ። ስታነቢ ታሪኩን ትተሽ መጀመሪያ ወደ ታች ውረጂና «ኮንስትሬይንትስ» (የግብዓቱ ገደብ) የሚለውን እዪ። ኤን (የግብዓቱ ብዛት) እስከ 100,000 ካለ «ሉፕ በሉፕ ውስጥ አያዋጣም» እያለሽ ነው። ኤን 100 ብቻ ከሆነ ደግሞ አትጨናነቂ፣ ቀላሉን ጻፊ።

ምሳሌ። የዝውውር መጠኖች ተደርድረዋል። ድምራቸው 5,000 የሚሆን ሁለት ዝውውር አለ ወይ? ቶሎ የሚመጣልን እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር መደመር ነው። 100,000 ቁጥር ሲሆን ይሄ ወደ 5 ቢሊዮን ጥንድ ነው። ፕሮግራምሽ ሳይጨርስ ሰዓቱ ይቆርጠዋል። ይልቅ ዲክሽነሪ (ያየሽውን መዝግበሽ ወዲያው የምትፈልጊበት) ክፈቺና ዝርዝሩን አንዴ ብቻ ሂጂበት። 1,800 ላይ ስትደርሺ «3,200 አይቻለሁ?» ብለሽ ዲክሽነሪውን ጠይቂ። ካለ ጨረስሽ። ከሌለ 1,800ን መዝግበሽ እለፊ። መጀመሪያ ጥያቄ፣ ከዚያ መመዝገብ። ከገለበጥሽው 2,500 ከራሱ ጋር ተደምሮ ጉድ ይሠራሻል።

ድብቅ ቴስት ኬሶች (ኮድሽ የሚሞከርባቸው ግብዓቶች) አሉ። ባዶ ዝርዝር፣ አንድ ቁጥር ብቻ፣ ኔጋቲቭ ቁጥር፣ ተመሳሳይ ቁጥር ሁለቴ። እነዚህን ራስሽ ሞክሪያቸው። ፈጣኑ መፍትሔ አልመጣ ካለሽም ቀርፋፋውን አስገቢ። ትንንሾቹን ኬሶች ስለሚያልፍ ነጥብ ታገኚበታለሽ። ባዶ መተው ግን ዜሮ ነው።

ሰኔ_ምሩቅ | ማክሰኞ፣ መስከረም 27
ኬብል ሳቢ፣ የ«ኦን» እና የ«ዌር»ን ነገር ላፕቶፔ ላይ ሞከርኩት፣ እውነትም ባዶ መጣ! ሀሽማፕ እግዜር ይስጥልኝ።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ 23:59 ቢኤስቲ በኛ ስንት ሰዓት ነው? ሁለተኛ፣ የክፍል ጓደኞቼ «ቻትጂፒቲን በሌላ ስልክ ክፈቺ፣ ሁሉም እንደዛ ነው» ይሉኛል። እውነት ሁሉም እንደዛ ነው?

ቱርቦ | ማክሰኞ፣ መስከረም 27
አዎ ሁሉም እንደዛ ነው። ኩባንያዎቹ ራሳቸው ሲቪሽን በማሽን እያስነበቡ አንቺ በእጅሽ ትሠሪያለሽ? ሥራ ላይ ስትገቢ እኮ ተጠቀሚ ነው የሚሉሽ። አትሞኚ።

ገምጋሚዋ | ማክሰኞ፣ መስከረም 27
ቱርቦ፣ ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ ሰው ያስገድላል።

እኔ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ የምቀመጥ ነኝ። የልጆችን ቴስት አያለሁ፣ ቀጥሎ ያለውን የቀጥታ ኢንተርቪውም እገባለሁ። መጀመሪያ ስለ ማሽኑ። ከገጹ ስትወጪ ይመዘገባል። ከሌላ ቦታ ያመጣሽውን ስትለጥፊ ይመዘገባል። ኮድሽ ከሌሎች ተፈታኞች ኮድ ጋር ይነጻጸራል። አንዳንዱ ኩባንያ ካሜራም ያስከፍታል። በሌላ ስልክ አይተሽ በእጅ ብትገለብጪውም አጻጻፉ ያስታውቃል። ልጅቷ እያሰበች ስትጽፍ ትሰርዛለች፣ ትመለሳለች። የተገለበጠ ኮድ ከላይ እስከ ታች አንድም ሳይደናቀፍ ይወርዳል።

ይሄን ሁሉ ብታመልጪ ደግሞ ቀጣዩ ዙር አለ። ያስገባሽውን ኮድ ስክሪን ላይ እከፍትና «እስቲ ሁለት ሳይሆን ሦስት ቁጥር ቢሆን ምን ትቀይሪያለሽ?» እላለሁ። በራሱ የሠራ ሰው ቢሳሳትም መንገዱን ያውቀዋል። ያልሠራው ዝም ይላል። ከዚህ ዝምታ በኋላ ሰዎቹ በትህትና አመስግነው ይሸኙሻል፣ ለምን እንደወደቅሽም አይነግሩሽም።

መመሪያውን አንብቢ። አንዳንድ ኩባንያ አሁን አሁን ኤአይ መጠቀም ይፈቅዳል፣ በግልጽ ይጽፈዋል። ካልፈቀደ አትንኪው። ለልምምድ ግን ተጠቀሚበት። ከሠራሽ በኋላ «ይሄ ኮድ የት ይሰበራል?» ብለሽ ጠይቂው።

ቱርቦ | ማክሰኞ፣ መስከረም 27
እሺ ለቴስቱ ይሁን። ግን 3 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ስለ ሥራ ችሎታ ምንም አይናገርም፣ ይህን እንኳ እመኚ።

ገምጋሚዋ | ማክሰኞ፣ መስከረም 27
አምናለሁ። አሪፍ ሠራተኛ የሚሆኑ ልጆች እዚያ ላይ ይቀራሉ። አንድ ቦታ ከመጠን በላይ ሰው ሲያመለክት አብዛኛውን የሚጥል ወንፊት ይፈልጋሉ፣ እሱ ነው ሥራው። ፍትሐዊ ነው አላልኩም።

ለንደን_በዝናብ | ማክሰኞ፣ መስከረም 27
የሰዓቱን እኔ ልመልስ። ቢኤስቲ የእንግሊዝ የበጋ ሰዓት ነው። አሁን እዚህ እሱ ስለሆነ ኢትዮጵያ በ2 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ መጨረሻው ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ በናንተ ከሌሊቱ 7:59 ነው። በጥቅምት አጋማሽ ሰዓቱ ሲቀየር ልዩነቱ 3 ይሆናል። በኋላ የሚመጣ የኢንተርቪው ቀጠሮ ካለሽ ይህን አስቢበት። «9:00» ሲሉሽ የነሱ ጠዋት መሆኑንም አትርሺ። ሌሊቱን ግን አትጠብቂ። መብራትም ኔትም ሰው በማይጨናነቅበት ሰዓት፣ የስልክ ዳታ በተጠባባቂ ይዘሽ፣ ላፕቶፑን ሞልተሽ ግቢ። አንዴ ከጀመርሽ ሰዓቱ ላንቺ ብሎ አይቆምም።

አሁን ስለ አፕቲቲዩዱ። እዚህ አገር ብዙ የምሩቃን ፕሮግራም በዚህ ያልፋል፣ ኤስኤችኤል የሚባለው ድርጅት እንደሚያዘጋጀው ዓይነት። ቁጥሩ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ነው፣ ግን ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው ያለሽ። ፐርሰንት ላይ ነው የሚያጠምዱሽ። 500 ብር የነበረ ዕቃ 20 ፐርሰንት ጨመረ፣ ከዚያ 20 ፐርሰንት ቀነሰ። ብዙ ሰው 500 ይላል። 600 ሆኖ ነው 20 ፐርሰንቱ የሚቀነሰው፣ 480 ነው።

የሐበሻ ልጅ ይበልጥ የሚወድቀው የንባቡ ላይ ነው። አንቀጽ ይሰጡሽና «እውነት፣ ሐሰት፣ ማወቅ አይቻልም» ነው ምርጫው። «ባንኩ ባለፈው ዓመት አዳዲስ ቅርንጫፎች ከፈተ» ይላል አንቀጹ። ጥያቄው «የባንኩ ደንበኞች ጨምረዋል» ይላል። እኛ ብልጥ ነንና «ቅርንጫፍ ከተከፈተማ ደንበኛ ይጨምራል እንጂ» ብለን እውነት እንላለን። አንቀጹ ግን አላለም። መልሱ «ማወቅ አይቻልም» ነው። ከራስሽ ዕውቀት አንዲት ቃል አትጨምሪበት።

የሚቀዳው ኢንተርቪው። ጥያቄው ስክሪን ላይ ይመጣል፣ ለማሰብ ትንሽ ሰከንዶች፣ ከዚያ ቀረጻ። ሁኔታው ምን ነበር፣ ያንቺ ድርሻ ምን ነበር፣ ምን አደረግሽ፣ ምን ውጤት መጣ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ተናገሪ። እና እባክሽ «እኛ» አትበዪ። እኛ አገር «እኔ ሠራሁት» ማለት ጉራ ይመስለናል፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲጠየቁ ሁሉም «ግሩፓችን አደረገ፣ እኛ ሠራን» ይላል። ነጭ ሰምቶ «ታዲያ ይቺ ልጅ ምን ሠራች?» ነው የሚለው። ሎጊኑን የሠራሽው አንቺ ከሆንሽ «ሎጊኑን እኔ ሠራሁት፣ ፓስወርዱን ሀሽ አድርጌ ነው ያስቀመጥኩት፣ ምክንያቱም…» በዪ። ይሉኝታውን ቀረጻው ሲያልቅ ትመለሺበታለሽ።

አንባቢዎች በውስጥ ስለ ቪዛ እየጠየቃችሁኝ ስለሆነ እዚሁ ልበል። የሷ ሥራ ከርቀት ነው፣ ቪዛ አያስፈልገውም። ለንደን መጥቶ ለመቀጠር ግን ከሐምሌ 2025 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ፣ የስኪልድ ወርከር (የሠለጠነ ሠራተኛ) ቪዛ መነሻ ደመወዝ በዓመት 41,700 ፓውንድ ሆኗል። ለአዲስ ገቢዎች 33,400 የሚባል ዝቅ ያለ መነሻ አለ። ስለዚህ ቅጹ ላይ «ስፖንሰርሺፕ ትፈልጋለህ?» የሚለው ላይ አዎ ስትሉ ብዙ ኩባንያ ወዲያው ነው የሚዘጋው።

ዘመድ_አልባ | ረቡዕ፣ መስከረም 28
ይሄን ሁሉ ከምታነቢ አንድ አክስት ፈልጊ። የባንክ ፈተና ለወጉ ነው። ስሙ ቀድሞ የተያዘ ነው።

ኬብል_ሳቢ | ረቡዕ፣ መስከረም 28
የለም ብዬ አልዋሽህም። አለ። ግን እኔ ማንንም ሳላውቅ ነው የገባሁት፣ ከኔ ጋር ከገቡትም ብዙዎቹ እንደዛው። አይቲ ላይ ደግሞ ሥራውን የማይችል ሰው ያመጣ አለቃ ሲስተም በወደቀ ቀን ራሱ ነው የሚያለቅሰው። ልጅቷን አታስፈራራት።

ገምጋሚዋ | ረቡዕ፣ መስከረም 28
ከርቀት ያሉት ኩባንያዎች ደግሞ አክስትሽን አያውቋትም። ኤቱኤስቪ (አፍሪካ ቱ ሲሊከን ቫሊ) ከ2019 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ፣ እዚሁ አገር ያሠለጠናቸው ተማሪዎች ጎግል ድረስ ገብተዋል። ያደረጉት ነገር ምሥጢር የለውም። በየቀኑ ጥያቄ መሥራት፣ አንዱ ሌላውን እየጠየቀ ድምፅ አውጥቶ መፍታት። ዘመዱ የሌለው ሰው ቢያንስ የሚለማመደው ጓደኛ ይፈልግ።

ሸገር_ቦይ | ረቡዕ፣ መስከረም 28
«ለምዝገባ ይህን ያህል ብር በቴሌብር ላኪ» የሚል ካለ ደግሞ ብሎክ። ቁም ነገረኛ ቀጣሪ ፈተና ለመፈተን ብር አይጠይቅም።

ሰኔ_ምሩቅ | እሁድ፣ ጥቅምት 2
ተመለስኩ። ሁለቱንም ተፈትኛለሁ።

ሀከርራንክ፦ ሁለቱን ጨርሻለሁ፣ ሦስተኛውን በቀርፋፋው መንገድ አስገባሁ። የመጀመሪያው ከሞላ ጎደል የሀሽማፕ ምሳሌ ነበር ብላችሁ ታምናላችሁ? ቁጥሮቹ ብቻ ናቸው የተለዩት።

ባንኩ፦ የሰው ብዛት! አዳራሹ አልበቃ ብሎ ወደ ሌላ ክፍል ከፈሉን። በር ላይ ስሜን ሲፈልጉ አንድ ነገር አጋጠመኝ፣ ለሌሎችም ይጠቅም። ፋይዳዬ ላይ የአባቴ ስም በሁለት «ኤስ» ነው፣ ቴምፖዬ ላይ በአንድ። ዝርዝሩ ላይ ያለው በአንድ ነው። ሰውየው ወዲያና ወዲህ እያየ «ይሄ አንቺ ነሽ?» አለኝ። የአያቴን ስም አይቶ ነው ያስገባኝ። ፈተናው እንደተባለው ነበር። ሰብኔት መጥቷል፣ /27 ነበር፣ 30 አልኩ።

ኬብል_ሳቢ | እሁድ፣ ጥቅምት 2
30 ልክ ነው።

የስሙን ነገር በቶሎ አስተካክዪው። ካለፍሽ የሰው ኃይል ሰዎች ፋይዳ፣ ቴምፖ፣ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ ሁሉንም አንድ ላይ ዘርግተው ነው የሚያዩት።

ሰኔ_ምሩቅ | ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
ባንኩ ለቃል ፈተና ጠርቶኝ ዛሬ ገብቼ ወጣሁ! ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው «ከሀ ሒሳብ 1,000 ብር ተቀንሶ ለ ላይ ሳይደመር መብራት ቢጠፋ ገንዘቡ የት ይሄዳል?» አሉኝ። ሁለቱም ትእዛዝ በአንድ ትራንዛክሽን (ወይ አብሮ የሚጸና ወይ አብሮ የሚሰረዝ) ውስጥ ከሆነና ኮሚት ካልተደረገ፣ ማለትም ካልጸና፣ ዳታቤዙ ሲነሳ ሎጉን (መዝገቡን) አይቶ ይመልሰዋል፣ ከሀ ላይም አልተቀነሰም ማለት ነው አልኩ። «ለ ሌላ ባንክ ቢሆንስ?» ሲሉኝ ቆም አልኩ። አንድ ዳታቤዝ ስላልሆነ ሮልባክ (ወደነበረበት መመለስ) ብቻውን አይበቃም፣ ማረጋገጫ እስኪመጣ «በሂደት ላይ» ብሎ ይዞ፣ ካልመጣ የሚመልስ ነገር ያስፈልጋል አልኳቸው። ሰውየው ሳቅ ብለው ጻፉ። ምን ማለት ነው?

ኬብል_ሳቢ | ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
ጥሩ ማለት ነው። ያ ሰውዬ ምናልባት ማታ ማታ የሚደወልለት የሪኮንሲሌሽን (የሒሳብ ማስታረቅ) ሰው ነው።

ከአሁኑ ዋስ ፈልጊ። የሚዋስሽ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ደብዳቤ ማጻፍ አለበት፣ እሱ ጊዜ ይፈጃል። ፎረንሲክ የጣት አሻራም ይጠይቁሻል። ውሉ ሲመጣ ሁለት ቦታ አንብቢ። የሙከራ ጊዜው በአዋጅ 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ የለበትም። ከዚያ «ሥልጠና ወስዶ ይህን ያህል ዓመት ሳያገለግል ቢለቅ» የሚል አንቀጽ ካለ ስንት ዓመትና ስንት ብር እንደሆነ እዪ። የለንደኖቹ ከመጡ እሱ ነው እግር ተወርች የሚይዝሽ።

ሰኔ_ምሩቅ | ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
የለንደኖቹም አፕቲቲዩዱንና ቀረጻውን አልፈሻል ብለው ለቀጥታ ኮዲንግ ኢንተርቪው ቀጥረውኛል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ። ሰው እያየኝ ኮድ ጽፌ አላውቅም፣ እጄ ይተሳሰራል።

ሀሽማፕ | ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
ረቡዕ ማታ በኛ 2 ሰዓት እንለማመድ። እኔ ጠያቂ፣ አንቺ ድምፅሽን አውጥተሽ እያሰብሽ ትጽፊያለሽ። ገምጋሚዋም ጊዜ ካላት ትግባ። ሊንኩን በውስጥ ልኬልሻለሁ።

ገምጋሚዋ | ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
አለሁ። ካሜራ ክፈቺ ግን፣ እነሱም ያስከፍቱሻል።